ሽቦው ከመቀየሩ በፊት፦ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብልሽትን መርምሮ ስለ መጠገን

መብራት በደረሰባቸው የሚዛን ተፈሪ፣ የቴፒና የአካባቢያቸው አጥቢያዎች የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሰንበቴ ቤት ዕቃዎች አንዱ ሆኗል። ምጣዱ የሚበላሸውም ብዙ ጊዜ በንግሥ ዋዜማ ነው፤ ከንጋት እስከ ምሽት ሳያርፍ የሚሠራው ያን ዕለት ነውና ሊያስደንቀን አይገባም። ምጣዱ ሲቆም ወደ ማገዶ መመለስ ግድ ይሆናል። በዚህ አገር ደግሞ ማገዶው የሚመጣው ለቡናው ጥላ ከሚሰጠው ደን ነው። የሸካ ደን በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ስለዚህ ምጣድን በወቅቱ መጠገን ከወጥ ቤት ጉዳይነት ያለፈ ነገር ነው።

ለቅዱስ ቁርባን የሚሆነው ኅብስት በቤተ ልሔም በራሱ ሥርዐት የሚዘጋጅ ስለሆነ እዚህ አናነሣውም። የምንናገረው ለሰንበቴ፣ ለዝክርና ለእንግዳ ስለሚጋገርበት ምጣድ ነው።

ምጣዱ ሲታይ ቀላል ነገር ነው። ከሸክላው ሥር እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚዞር ቦይ አለ፤ በቦዩ ውስጥ ኒክሮም ከሚባል ብረት የተሠራ ጥቅል ሽቦ ይተኛል፤ በላዩም ጀሶ ወይም ጭቃ ይለበጣል። የሽቦው ሁለት ጫፎች ወጥተው ከገመዱ ጋር በብሎን ይታሰራሉ። በአገራችን የተለመደው ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይወስዳል። በ220 ቮልት ሲሠራ ወደ 16 አምፔር ይስባል ማለት ነው፤ ይህም ተራ ሶኬት ሊሸከመው ከሚችለው ልክ ጫፍ ላይ ያለ ነው። ብዙው ብልሽት ከዚህ ይነሣል።

ምጣዱ እንቢ ሲል ኮሚቴው ወዲያው አዲስ ሽቦ እንዲገዛ ያዛል። እኛ ግን አስቀድሞ የሚጋግሩት እናቶች እንዲጠየቁ እንመክራለን። ምጣዱ በድንገት በረደ ወይስ ቀስ በቀስ ደከመ? ስፒናው ይግል ነበርን? የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን? የእንጀራው ዓይን በአንድ ወገን ብቻ ጠፋን? ከመሣሪያ አስቀድሞ የእነርሱ መልስ መንገዱን ያሳያል።

በድንገት ሙሉ በሙሉ ከበረደ፣ ወይ ሽቦው ተቆርጧል ወይ ኤሌክትሪኩ አልደረሰውም። ስፒናው ጠቁሮ ወይም ቀልጦ ከተገኘ፣ ወይም በብሎኑ ላይ ያለው ማሰሪያ ላልቶ ከተቃጠለ፣ ሽቦው ደህና ሊሆን ይችላል። አንድ ወገን ብቻ ከደከመ ደግሞ በአንድ ሽቦ በሚሠራ ምጣድ መቆረጥ አይደለም፤ አንድ ሽቦ ከተቆረጠ ሁሉም ይበርዳልና። ጥቅልሎቹ እርስ በርስ ተነካክተው ይሆናል፤ የተነካኩበት ስፍራ ይበርዳል፣ ሌላው ከልክ በላይ ይግላል።

ቀስ በቀስ የደከመ ወይም በምሽት ብቻ የሚደክም ምጣድ ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋት የለበትም። ከትራንስፎርመር ርቆ በሚገኝ አጥቢያ ቮልቱ ይወርዳል፤ ሙቀቱም የሚቀንሰው ቮልቱ ከወረደበት በበለጠ መጠን ነው። ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ቢወርድ የ3500 ዋቱ ምጣድ የሚሰጠው 2340 ዋት ያህል ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ አዲስ ሽቦ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። መስመሩን ማስመርመር ወይም መጋገሩን ወደ ማለዳ ማዛወር ይሻላል።

ሽቦውን ለመለካት ስፒናው ከሶኬት ይነቀላል፣ ምጣዱ ይበርዳል፣ ገመዱም ከብሎኖቹ ይፈታል። መልቲሜትሩ በኦም ላይ ተደርጎ የሽቦው ሁለት ጫፎች ሲነኩ የ3500 ዋት ምጣድ 14 ኦም ገደማ ያሳያል። ምንም ካላሳየ ተቆርጧል። ከዚህ እጅግ ካነሰ ተነካክቷል። ቀጥሎ አንዱ ጫፍ ከብረት እግሩ ጋር ይለካል፤ በዚህኛው ምንም ንባብ መኖር የለበትም።

የተቆረጠን ሽቦ በፒንሳ ጠምዝዞ መቀጠል የተለመደ ነው፤ ለአንድ ንግሥ ያደርስ ይሆናል፣ ለዓመት ግን አይሆንም። የተጠመዘዘው ስፍራ ግሎ እንደገና ይበጠሳል። በዚያ ላይ ሽቦው ባጠረ ቁጥር ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፦ ከርዝመቱ አንድ ዐሥረኛው ቢጎድል 16ቱ አምፔር ወደ 18 ገደማ ይወጣል፣ ስፒናውም ይቀልጣል።

አዲሱ ሽቦ በዋት ከአሮጌው ጋር እኩል ይሁን። የቦዩ ርዝመት በሲባጎ ተለክቶ ሽቦው በዚያ ልክ፣ ከዳር እስከ ዳር እኩል ተስቦ ይተኛ። ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ በአንድ በኩል የተጨናነቀ፣ በሌላ በኩል የሳሳ ሽቦ እንጀራውን አንድ ወገን አሳርሮ ሌላውን ሊጥ ያስቀረዋል። ጫፎቹ በብሎን ከነቀለበታቸው በደንብ ይጥበቁ። የጠቆረ ስፒናና ሶኬትም አብረው ይቀየሩ፤ አለዚያ አዲሱ ሽቦ የአሮጌውን ዕጣ ይወርሳል።

የዳቦ መጋገሪያ ኦቨን ያላቸው አጥቢያዎችም በዚሁ መንገድ ይለካሉ፤ የ2000 ዋት ማሞቂያ 24 ኦም ያህል ያሳያል። በቱቦ የታሸገ ስለሆነ ግን አይከፈትም፣ እንዳለ ይቀየራል። በሦስት ፌዝ የሚሠራውን ለባለሙያ መተው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በዓመት ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚዘንብበት በዚህ አገር ሸክላውና ጀሶው እርጥበት ይጠጣሉ። እርጥብ ሸክላ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ሊጥ በነካ እጅ፣ በእርጥብ መሬት ላይ ቆማ የምትጋግር እናት «ነዘረኝ» ስትል ነገሩ እንደ ቀልድ ይታለፋል፤ ይህ ግን ሞት የሚያስከትል ነው። ለድምፅ ማጉያው የሚደረገው ጥንቃቄ ለወጥ ቤቱ ሶኬት ሲደረግ እምብዛም አናይም። የነዘረ ምጣድ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ይነቀል፤ በንግሥ ዋዜማም ቢሆን። ማገዶ መለመን ይሻላል።

መፍትሔው የመሬት ሽቦ ነው። የምጣዱ የብረት አካል በሦስተኛው ሽቦ አማካይነት መሬት ውስጥ ከተቀበረ ዘንግ ጋር ይያያዝ፤ ባለ ሁለት ሽቦ ገመድ ለምጣድ አይፈቀድ። ለምጣዱ ብቻ የሚሆን መስመር ከነብሬከሩ በ4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ይዘርጋ። ይህን ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይሥራው።

አዲስ ጀሶ የተለበጠ ምጣድ በቴፒ እርጥበት ቢያንስ ሦስት ቀን ጥላ ሥር ይድረቅ። ከዚያ በብረት አካሉና በሽቦው መካከል ያለው ልኬት ይደገም፤ ንባብ ካሳየ ገና አልደረቀምና ይቆይ። ምንም ካላሳየ ለጥቂት ደቂቃ እየበራ እየጠፋ ይሙቅ፤ በመጨረሻም እናቶች በጎመን ዘር ያሟሹት። የተለካው ኦምና የተቀየረበት ቀን በንብረት መዝገቡ ላይ ይጻፍ፤ ቀጣዩ ጠጋኝ ከእርሱ ይነሣል።