በጣት የሚነበብ ፊደል

ሰበታ ለማስተማር በዘመትንበት ጊዜ አንድ አባት ሁለት ልጆቻቸውን አስመዘገቡና ሦስተኛውን ቤት አስቀሩት። ምነው ብንላቸው፣ «እሱማ ዓይነ ስውር ነው፤ ፊደል ምን ያደርግለታል? የሚመጸውተው ይሻለዋል» አሉን። መርሐ ዕውራን የሚባለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት እኮ እዚያው ሰበታ ነው!

ዓይነ ስውር በጣቱ ያነባል። ዘዴውን ያወጣው ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል በ1809 እ.ኤ.አ. ተወለደ። በ3 ዓመቱ በአባቱ የቆዳ ሥራ ቤት ሲጫወት ስለታም መሣሪያ አንድ ዓይኑን ወጋው፤ ሕመሙ ወደ ሌላውም ተዛምቶ ሁለቱም ጠፉ። በ15 ዓመቱ ግን ፊደልን ሁሉ በ6 ነጥቦች መጻፍ ቻለ። ወፍራም ወረቀት በሹል ብረት ከቀኝ ወደ ግራ ይወጋል፤ ሲገለበጥ ያበጠው ነጥብ ከግራ ወደ ቀኝ ይዳሰሳል። አማርኛም እንዲሁ ይጻፋል።

ታዲያ ዓይን ሁሉ ሳይድን ቀርቶ አይጠፋም። ትራኮማ፣ ማለትም የዓይን ማዝ፣ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። ሲደጋገም የዓይን ቆብ ይጠባበሳል፤ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን ይፍቃል። አዚትሮማይሲን የሚባለውን መድኃኒት አምራቹ ፋይዘር ከ1998 እ.ኤ.አ. አንስቶ ለድሆች አገሮች በነፃ ሲለግስ ቆይቷል። ቢሆንም የልጆች ፊት በየቀኑ ካልታጠበ፣ መጸዳጃም ካልተቆፈረ፣ በሽታው ተመልሶ ይመጣል። ውኃ ከሩቅ ለምትቀዳ እናት ይህ ቀላል አይደለም፤ እኛም አይተነዋል።

ለአባትየው ስለ ነጥቦቹ ስንነግራቸው ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ የልጁን እጅ ያዝ አድርገው፣ «ጣቱስ ደህና ነው» አሉ።