ሁለት ጊዜ ተመርተው ዋንጫ የበሉት

ዛሬ ስለ 3ኛው የአፍሪካ ዋንጫ አጭር ትምህርት ይዤ ቀርቤያለሁ።

ውድድሩ በጥር 1954 ዓ.ም. በአገራችን ተካሄደ። የተሳተፉት 4 አገሮች ብቻ ናቸው፦ ኢትዮጵያ፣ ቱኒዚያ፣ ኡጋንዳና ግብፅ። አሰልጣኛችን ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። መጀመሪያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፍን። ጥር 13 ቀን አዲስ አበባ ላይ ለዋንጫ ከግብፅ ጋር ገጠምን። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ ሁለቱንም ጊዜ አቻ አደረግን። ሁለተኛዋን የአቻ ጎል አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አገባ። 30 ደቂቃ ሲጨመር ወንድሙ ኢታሎና መንግስቱ ወርቁ ደገሙ። 4 ለ 2!

ይህን የጻፍኩት በምክንያት ነው። ባለፈው ሳምንት በዚህ በቆቦ ፀሐይ ከ7ኛ «ለ» ጋር ስንጫወት፣ ገና 1 ለ 0 ስንመራ «በቃ፣ ተበላን» ብዬ ከሜዳ ወጣሁ። ጓደኞቼ በ10 ልጅ አቻ ወጡ። እኔ ዳር ቆሜ አየሁ። በጣም አፈርኩ።

ስለዚህ ፊሽካ ሳይነፋ ከሜዳ አንውጣ። ለዛሬ በዚህ አበቃሁ።