በመጨረሻው ወራት ነፍሰ ጡርን ስለሚያገኛት ድካም

ነፍሰ ጡር ሴት ሰባተኛው ወር ሲያልፋት ማኅፀንዋ አድጎ ጨጓራዋን ወደ ላይ ይገፋል፤ ከእግርዋ የሚመለሰውንም ደም ያዘገያል። ስለዚህ ደረትዋን ያቃጥላታል፤ ወገብዋን ያማታል፤ እግርዋም ያብጣል። ይልቁንም በአቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካዎች ቆማ ለምትውል ሴት ሲመሽ እብጠቱ ይበረታባታል።

በየመካከሉ ዐረፍ ብላ እግርዋን በበርጩማ ላይ ከፍ ታድርግ፤ ሌሊትም በጎንዋ፣ ቢቻል በግራዋ ትተኛ። ለቃጠሎው በርበሬ የበዛበትን ወጥ ትታ ጥቂት ጥቂት አዘውትራ ትብላ፤ እንደ በላችም ወዲያው አትጋደም። የውሃውን ጀሪካን ግን ባል ይሸከመው፤ ይህ ለወንድ ነውር አይደለም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለሠራተኛ ሴት ከመውለድዋ በፊት የ30 ቀን ዕረፍት ከነደመወዙ ፈቅዶላታል። ብዙዎች ይህን አያውቁምና መምህራንና ፊደል የሚያውቁ ሽማግሎች ሊያነቡላቸው ይገባል።

የቅጠል መድኃኒት ሁሉ ደግ አይደለም፤ ኮሶና ጤና አዳም ጽንስ ሊያስወርዱ ይችላሉና ለነፍሰ ጡር አይሰጡም። የእግር እብጠት በዕረፍት ይጎድላል፤ ነገር ግን ፊትዋና እጅዋ በድንገት ቢያብጥ፣ ራስዋን አጥብቆ ቢፈልጣት፣ ዓይንዋ ቢፈዝ፣ ደም ቢታያት፣ ወይም የሕፃኑ እንቅስቃሴ ቢቀንስ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያ ፈጥኖ መውሰድ ነው።