ጠባሳና ካሣ፤ መልክን የሚያበላሽ ጉዳት በሕጋችን ፊት

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ያሉት አባቶቻችን የተናገሩት ስለ ልብ ቁስል ብቻ አይደለም። ጠባሳው በፊቱ ላይ የቀረ ሰው እርሱ ሊረሳ ቢፈልግ መስተዋት ያስታውሰዋል፤ መስተዋቱን ቢሸሽ የመንገደኛ ዐይን ያስታውሰዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለ የማይለቅ ምልክት የተረፈው ሰው በሕግ ምን መጠየቅ እንደሚችል፥ በምን መንገድና እስከ መቼ መጠየቅ እንዳለበት፥ ሕጋችንም በዚህ ረገድ የሚጎድለው ምን እንደ ሆነ በቀላል አነጋገር ማስረዳት ነው። ጸሐፊው የሕግ ተማሪ ሳይሆን የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነው። ይሁን እንጂ ሕግ የሚጻፈው ለዳኛና ለጠበቃ ብቻ ሳይሆን ለሚተዳደርበት ሕዝብ ሁሉ ስለ ሆነ፥ አንቀጹን አንብቦ ለባልንጀራ ማካፈል ከተማሪ የሚጠበቅ ነገር እንጂ ድፍረት አይደለም።

ስለ ምን አቃቂ ቃሊቲን እንመርጣለን?

ነገሩን በባዶ አየር ላይ እንዳንናገረው አንድ ቦታ እንያዝ። አቃቂ ቃሊቲ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ በደብረ ዘይት መንገድ ላይ ያለ ክፍለ ከተማ ነው። የጅቡቲው ባቡር ወደ አዲስ አበባ የገባው በአቃቂ በኩል ነበር፤ ፋብሪካዎቹም ሐዲዱንና የመኪናውን መንገድ ተከትለው ተተከሉ። የጨርቃ ጨርቅ፥ የብረታ ብረት፥ የመለዋወጫ ዕቃና የምግብ ሥራ በዚያ ሲካሄድ ኖሯል። እንዲህ ያለ ሥራ ባለበት ሁሉ የፈላ ውሃ፥ እንፋሎት፥ የጋለ ብረት፥ ኮስቲክ ሶዳና አሲድ አይጠፋም። በመንገዱም ላይ የጭነት መኪና ቀንና ሌሊት ይመላለሳል። እንግዲህ የሰው ፊትና እጅ ሊጎዳ የሚችልባቸው ምክንያቶች በአንድ ሰፈር ተሰብስበው የሚታዩት እዚህ ነው።

መልክን የሚያበላሽ ጉዳት በሦስት መንገድ ይመጣል፤ በሥራ፥ በመኪና፥ በሰው እጅ። ሕጉም ለእያንዳንዱ የተለየ በር አለው። በሩን የሳተ ሰው መብት እያለው ባዶ እጁን ይመለሳል።

የመጀመሪያው በር፤ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት

አንዲት ሠራተኛ በፋብሪካ ውስጥ ኮስቲክ ሶዳ ተረጭቶባት ጉንጯና አንገቷ ተቃጠለ እንበል። ቁስሉ ዳነ፤ ዐይኗ ያያል፥ እጇም ይሠራል፤ ፊቷ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። በዚህ ጊዜ «መሥራት ትችያለሽና የአካል ጉዳተኛ አይደለሽም፤ ካሣም አይገባሽም» የሚላት ቢኖር ምን ትመልሳለች?

መልሱ በሕጉ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፥ ከእርሱም በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996፥ አንድ ጉዳት ሠራተኛውን ከሥራ የማያግደው ቢሆንም እንኳ ሰውነቱን ወይም መልኩን በከባድ ሁኔታ ያበላሸው እንደ ሆነ፥ ለካሣና ለሌሎች ጥቅሞች ሲባል እንደ ዘላቂ ከፊል የአካል ጉዳት እንደሚቆጠር ደንግገዋል። ይህን አንድ ሐሳብ እያንዳንዱ የፋብሪካ ሠራተኛ በቃሉ ሊይዘው ይገባል። ጠባሳ በሥራ ሕግ ፊት ጉዳት ነው፤ ጉልበት ባይቀንስም ጉዳት ነው።

ከዚህም በላይ በዚህ በር ለሚገባ ሰው ሕጉ አንድ ትልቅ ሸክም ያቃልልለታል። ሠራተኛው የአሠሪውን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ ጉዳቱ በሥራው ምክንያት ወይም በሥራው ላይ የደረሰ መሆኑ ይበቃል። ከዚህ የሚቀረው ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ጉዳት ነው፤ ይኸውም በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ በመጣስ ወይም ሰክሮ ወደ ሥራ በመግባት ያመጣውን ይጨምራል። አሠሪው በእርግጥ ያጠፋ እንደ ሆነ ደግሞ ሠራተኛው ከዚህ ተጨማሪ በፍትሐ ብሔር ሕግ ካሣ ከመጠየቅ አይከለከልም።

የክፍያው አቆጣጠር እንዲህ ነው። በሕክምና ላይ ሳለ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወሮች ሙሉ ደመወዝ፥ ለሚቀጥሉት 3 ወሮች ከ75 በመቶ የማያንስ፥ ለቀጣዮቹ 6 ወሮች ከ50 በመቶ የማያንስ ደመወዝ ይከፈላል። የሕክምናውና የቀዶ ጥገናው ወጪ በአሠሪው ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ዘላቂው ጉዳት ስንት በመቶ እንደ ሆነ የሕክምና ቦርድ ይወስናል። ሠራተኛው በጡረታ ወይም በመድን የተሸፈነ እንደ ሆነ ክፍያው በዚያው ሥርዓት ይመራል፤ ያልተሸፈነ እንደ ሆነ ግን ሙሉ በሙሉ ከሥራ ለሚያስቀር ጉዳት የ5 ዓመት ደመወዝ፥ ከዚያ ለሚያንሰው በመቶኛው ተሰልቶ በአንድ ጊዜ ይከፈላል። ለምሳሌ በወር 4,000 ብር የምታገኝ ሠራተኛ የዓመት ደመወዟ 48,000 ብር፥ የ5 ዓመቱ 240,000 ብር ይሆናል። ቦርዱ ጉዳቷን 15 በመቶ ነው ቢል የሚደርሳት 36,000 ብር ነው። ስለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ወረቀት የቦርዱ ወረቀት መሆኑን ልብ ይሏል። በቦርዱ ፊት የምትቀርብ ሠራተኛ የሚያማትን ብቻ ሳይሆን የሚታየውንም ጉዳት እንዲመዘግቡላት መጠየቅ አለባት።

ሁለተኛው በር፤ በመኪና የደረሰ ጉዳት

በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የመኪና ወይም የሌላ ሞተር ባለቤት ንብረቱ ላደረሰው ጉዳት አላፊ መሆኑን ይናገራል። «መኪናውን የነዳው ሌላ ሰው ነው» ማለት ባለቤቱን አያድነውም። ከዚህም ጋራ በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን የመድን አዋጅ ቁጥር 799 ማንኛውም ተሽከርካሪ ያለ መድን እንዳይነዳ አዝዟል። ገጭቶ ስላመለጠና ስላልታወቀ መኪናም ተጎጂው የሚካስበት የመድን ፈንድ አቋቁሟል።

ነገር ግን ይህ አዋጅ ሲወጣ የወሰነውን ልክ ያየ ሰው ሳይገረም አይቀርም። መድን ሰጪው ለአንድ ሰው የአካል ጉዳት የሚከፍለው ከፍተኛ መጠን 40,000 ብር ሲሆን ለንብረት ጉዳት ግን እስከ 100,000 ብር ነበር። በአንድ አደጋ የተሰበረ የሱቅ መዝጊያና የተበላሸ የሰው ፊት በአንድ አዋጅ ሲመዘኑ መዝጊያው ከፍ ብሎ ተገኘ ማለት ነው። ተጎጂው ግን ይህን ልክ የመብቱ መጨረሻ አድርጎ መያዝ የለበትም። ይህ የመድን ድርጅቱ ግዴታ ወሰን እንጂ የባለመኪናው አላፊነት ወሰን ስላይደለ፥ የቀረውን ከባለመኪናው በፍትሐ ብሔር ሕግ መጠየቅ ይቻላል።

ሦስተኛው በር፤ በሰው እጅ የደረሰ ጉዳት

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቁጥር 555 የሰውን መልክ በከባድና በግልጽ በሚታይ ሁኔታ ማበላሸትን ከከባድ የአካል ጉዳት ወንጀሎች መካከል ቆጥሮ እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። በ1999 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአንዲት ወጣት ላይ አሲድ በተደፋ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ተቆጥቶ ነበር፤ አድራጊውም በመጀመሪያው ፍርድ የሞት ቅጣት ተፈረደበት። ተጎጂዋ ግን ለሕክምና እስከ ፈረንሳይ አገር መሄድ አስፈልጓታል።

ከዚህ የምንማረው ነገር ቅጣትና ካሣ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። ቅጣት የመንግሥት ሥራ ነው፤ አንድ ሰው ቃሊቲ ወህኒ ቤት ስለ ገባ የተቃጠለ ቆዳ አይተካም፥ የሐኪም ዕዳም አይከፈልም። ስለዚህ የወንጀል ሕጉ ራሱ በቁጥር 101 ተጎጂው የካሣ ጥያቄውን ከወንጀሉ ክስ ጋራ አጣምሮ ማቅረብ እንደሚችል ፈቅዷል። በወንጀል ተከሳሹ በነጻ ቢለቀቅ እንኳ የፍትሐ ብሔሩ ዳኛ በዚያ ነጻ መለቀቅ የማይታሰር መሆኑን የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2149 ያመለክታል።

የ1,000 ብሩ ነገር

አሁን ወደ ዋናው ችግር ደረስን። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጉዳትን ሁለት አድርጎ ይከፍላል፤ አንደኛው የንብረት ወይም የገንዘብ ጉዳት ነው፥ ሁለተኛው የኅሊና ጉዳት ነው። ለመጀመሪያው ወሰን የለውም፤ ቁጥር 2091 ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋራ እኩል መሆን አለበት ይላል። ለሁለተኛው ግን ቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ አግዷል።

በ1953 ዓ.ም. 1,000 ብር ማለት 400 የአሜሪካን ዶላር ያህል ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ስለ ሆነ፥ ይኸው 1,000 ብር 10 ዶላር አይሞላም። ዘመን ሲለወጥ ቁጥሩ እንደ ተተከለ ቀረ። ሕጉን ያረቀቁት ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ፈረንሳዊ ነበሩ፤ በአገራቸው በፈረንሳይ የመልክ ጉዳት ራሱን ችሎ የሚካስ ጉዳት ሆኖ በባለሙያ ሐኪም ከ1 እስከ 7 በሚደርስ መለኪያ ይገመታል። በእኛ ሕግ ግን የኅፍረቱ፥ የብቸኝነቱና የኀዘኑ ዋጋ ሁሉ ተጠቃሎ በዚያች 1,000 ብር ውስጥ ይታጨቃል።

ታዲያ ተጎጂው ምን ያድርግ? የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ፊትህን በ1,000 ብሩ ከረጢት ውስጥ ብቻ አትክተት። ከመልክ መበላሸት የሚመጣው ጉዳት ሁሉ የኅሊና ጉዳት አይደለም። ወደፊት የሚያስፈልገው ቀዶ ጥገና፥ ቅባትና መድኃኒት፥ ወደ ሐኪም የሚመላለሱበት ወጪ፥ ከሕዝብ ፊት የሚሠራ ሥራ በመቅረቱ የሚጎድለው ገቢ፥ እነዚህ ሁሉ የገንዘብ ጉዳቶች ናቸው። ቁጥር 2092 ወደፊት መድረሱ የማያጠራጥር ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ ይካሣል ይላል፤ ቁጥር 2102 ደግሞ ልኩ በትክክል ሊታወቅ ያልቻለውን ዳኛው በርትዕ እንዲወስን ሥልጣን ይሰጠዋል። በተለይ ሕፃን ሲቃጠል ጠባሳው ከሰውነቱ ጋራ አብሮ ስለማያድግ፥ ልጁ እያደገ በሄደ ቁጥር ደጋግሞ ቀዶ ጥገና ሊያስፈልገው ይችላል። ይህን ሐኪም በጽሑፍ ካረጋገጠ ዳኛው የሚሰፍርበት ነገር አገኘ ማለት ነው። ማስረጃ ሳይዝ «ተበላሸሁ» ብሎ ብቻ የሚያለቅስ ከሳሽ ግን የሚያገኘው ከ1,000 ብር አያልፍም።

ተጎጂና ቤተ ሰቡ ሊያደርጉት የሚገባ

አንደኛ፥ ሕክምና ወዲያውኑ፤ ማስረጃም ወዲያውኑ። በአቃቂ ቃሊቲ የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለ፤ ለቃጠሎና ለቆዳ ቀዶ ጥገና ደግሞ የየካቲት 12 ሆስፒታል የታወቀ ነው። ከየትኛውም ቦታ ቀን የተጻፈበትና ማኅተም ያለበት ወረቀት ይያዝ፤ ቁስሉም በየጊዜው ፎቶግራፍ ይነሣ።

ሁለተኛ፥ ጉዳቱ በሥራ ላይ ከሆነ ለአሠሪው በጽሑፍ ይነገር፤ በመኪና ወይም በሰው እጅ ከሆነ ለፖሊስ ይመልከት፤ ያዩ ሰዎችም ስም ይመዝገብ።

ሦስተኛ፥ ቁስሉ ሳይጠግግ የእርቅ ወረቀት አይፈረም። ሽምግልና መልካም ባህላችን ነው፤ ሽማግሌዎቻችንም ብዙ ደም አድርቀዋል። ነገር ግን በጽሑፍ የተፈጸመ እርቅ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3312 መሠረት በተስማሚዎቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ስለሚቆጠር፥ ዛሬ በ5,000 ብር የፈረመ ሰው ነገ የቀዶ ጥገናው ዋጋ ሲነገረው የሚመለስበት በር ይዘጋበታል።

አራተኛ፥ ጊዜ አይለፍ። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143 ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ክስ የሚቀርበው በ2 ዓመት ውስጥ ነው፤ ጉዳቱ ከወንጀል የመጣ ሆኖ የወንጀሉ ጊዜ የሚረዝም ከሆነ ረዥሙ ይያዛል። በሥራ ሕግ ግን ጊዜው ከዚህ ያጥራልና አለመዘግየት ነው።

አምስተኛ፥ ድኽነት አያስፈራ። ሠራተኛ በሥራ ክርክር ችሎት የዳኝነት ገንዘብ አይከፍልም። በሌላውም ክስ መክፈል የማይችል ሰው በደኃ ደንብ እንዲከስ ሥነ ሥርዓቱ ይፈቅዳል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ለባልንጀሮቻችን ተማሪዎች

እንግዲህ እኛ ምን እናድርግ? የሕግ ተማሪ የሆነ ወንድማችንና እኅታችን ቁጥር 2116 እንዲሻሻል ያጥና፥ ይጻፍ፥ ይከራከር። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ቋሚ ቁጥር ከማስቀመጥ ይልቅ ከኑሮው ዋጋ ጋራ የሚሄድ ልክ ማውጣት፥ የመልክ ጉዳትንም ራሱን የቻለ የካሣ ምክንያት ማድረግ ነው። የኢኮኖሚክስ ተማሪ ስሌቱን ያውጣ። የቋንቋ ተማሪ ደግሞ የአዋጁን አስቸጋሪ አማርኛ ወደ ሠራተኛው አማርኛ ይለውጥ፤ አንድ ገጽ ጽሑፍ በፋብሪካው በር ላይ ቢለጠፍ ብዙ ሰው ያድናል።

ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ ግን ያለው ሕግ ይሠራበት። በአቃቂ መንገድ ላይ ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ድረስ ጠቅልላ የምትሄድ ሠራተኛ ጠባሳዋ በአዋጅ 1156 ካሣ የተጻፈለት ጉዳት መሆኑን የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል።