ክዳን የሌለው ገንዳ ቀዳዳ ኪስ ነው
የሙቅ ውኃ ነጋዴ ገንዘብ በየት በኩል እንደሚተን

ከጅቡቲ ጭነት ይዞ ቃሊቲ ጉምሩክ የደረሰ የከባድ መኪና ሾፌር መኪናውን ካቆመ በኋላ ቀድሞ የሚያስበው ምግብ ላይሆን ይችላል። የቀናት አቧራና ላብ የሚያስለቅቅ ሙቅ ውኃ ይሻል። በዚህ ፍላጎት ላይ የቆመው ንግድ ከተራው ሻወር ቤት ይጀምርና ስቲም፣ ሳውናና ጃኩዚ እስካላቸው የእንግዳ ማረፊያዎች ይዘልቃል።

የዚህ ነጋዴ ዋና ሸቀጥ ሙቀት ነው። እንደ ጤፍና እንደ ስኳር በጆንያ ታስሮ መጋዘን የሚተኛ ሸቀጥ ግን አይደለም። ደንበኛ ቢመጣም ባይመጣም ከገንዳው እየወጣ ይሄዳል፤ በሄደ ቁጥርም ቆጣሪው ይዞራል። ለመሆኑ ሙቀቱ በየት በኩል ነው የሚወጣው? ለማስቆምስ ምን ያህል ገንዘብ ማውጣት ያዋጣል?

እንደሚታወቀው አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ሰፋሪዎቿን ከእንጦጦ ወደ ታች ከሳቧቸው ነገሮች አንዱ ፍል ውኃ ነበር። በፍል ውኃ ሙቀቱን የምትሰጠው ምድር ናት፤ እዚያ ያለው ሥራ እንዲያውም ውኃውን ለገላ እንዲስማማ ማቀዝቀዝ ነው። አቃቂ ቃሊቲ ላይ ገንዳ የሠራ ሰው ግን እያንዳንዷን ዲግሪ ከመብራት ኃይል ይገዛል።

ግዢው ለረጅም ጊዜ ርካሽ ስለነበር ብዙ ሰው አይቆጥረውም ነበር። ከአሥር ዓመት በላይ ሳይነካ የቆየው የመብራት ታሪፍ በ2011 ዓ.ም. በአራት ዓመት ተከፋፍሎ መጨመር ጀመረ። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ ሌላ የአራት ዓመት ጭማሪ ተከተለ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም.፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ ከውጭ የሚመጣው የገንዳ ክዳንም በብር ሲሰላ ተወደደ። ስለዚህ ባለገንዳው ከሁለት ወገን ተይዟል፤ ሙቀቱም ተወደደ፣ ሙቀቱን የሚጠብቀው ዕቃም ተወደደ። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚያዋጣው በግምት መግዛት ሳይሆን አስልቶ መግዛት ነው።

የአክንባሎው ትምህርት

ሙቀት ከገንዳ የሚወጣባቸው መንገዶች አራት ናቸው። አንደኛው ትነት ነው። ሁለተኛው ከውኃው በላይ የሚነፍሰው ቀዝቃዛ አየር ይዞት የሚሄደው ነው። ሦስተኛው ከምድጃ ፊት ለፊት የቆመ ሰው ፊቱ ላይ እንደሚሰማው በጨረር መልክ የሚወጣው ነው። አራተኛው በግድግዳውና በወለሉ በኩል የሚሰርገው ነው።

ከአራቱ ትልቁ ሌባ ትነት ነው። በ40 ዲግሪ ሙቀት ላይ ካለ ገንዳ አንድ ሊትር ውኃ ሲተን 0.67 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ይህ መጠን ምን ማለት እንደሆነ በሌላ አነጋገር ለመግለጽ፣ 26 ሊትር የቧንቧ ውኃ ከ18 ዲግሪ ወደ 40 ዲግሪ ለማሞቅ የሚበቃ ነው። በአንድ ሊትር እንፋሎት ውስጥ የአንድ ትልቅ ጀሪካን ሙቅ ውኃ ዋጋ በጣሪያው በኩል ይወጣል ማለት ነው።

ይህን የአገራችን ወጥ ቤት ከሒሳቡ በፊት አውቆታል። እንጀራ የሚጋግር ሰው ሊጡን አዙሮ እንዳበቃ አክንባሎውን ይከድናል። አክንባሎው እንፋሎቱን እዚያው ያግተዋል፤ እንጀራው ከላይ የሚበስለው በዚያ እንፋሎት ነው። አክንባሎ ሳይከድን የሚጋግር ሰው ቢታይ ሁሉም ይስቅበታል። ገንዳውን ክፍቱን አሳድሮ ጠዋት በቢሉ የሚገረም ነጋዴ ሥራው ከዚህ አይለይም።

አንድ ገንዳ፣ አንድ ሌሊት

ነገሩ በቁጥር እንዲታይ አንድ ገንዳ እንውሰድ። ርዝመቱና ስፋቱ ሁለት ሁለት ሜትር፣ የውኃው ጥልቀት 75 ሣንቲ ሜትር ይሁን። 3,000 ሊትር ውኃ ይይዛል፤ የላይኛው ገጹም 4 ካሬ ሜትር ነው። ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ ውኃውን በ40 ዲግሪ እንዲያቆይ ተለኩሷል፤ የውጭው አየር 12 ዲግሪ ነው፤ ሌሊቱም 11 ሰዓት ነው እንበል። ለሒሳቡ ቅለት ሲባል አንድ ኪሎዋት ሰዓት 5 ብር ተይዟል፤ አንባቢው በራሱ ቢል ላይ ያለውን ዋጋ ሊተካ ይችላል።

ገንዳው ክፍቱን ካደረ ጠዋት የውኃው ከፍታ አንድ ሣንቲ ሜትር ያህል ይጎድላል። አንድ ሣንቲ ሜትር በ4 ካሬ ሜትር ላይ 40 ሊትር ነው። ይህ ትነት ብቻውን 27 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። አየሩና ጨረሩ የሚወስዱት ሌላ 12 ሲደመር 39 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በገንዘብ ብር 195 ነው፤ ያውም አንድም ደንበኛ ሳይገባበት።

አሁን በውኃው ላይ ተራ የላስቲክ ሸራ እንዘርጋ። ሸራው ስስ ስለሆነ ሙቀት ያሳልፋል፤ እንፋሎት ግን አያሳልፍም። ስለዚህ ትነቱ ይቀርና 12 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ይወጣል፤ ብር 60 ነው። በሸራው ፈንታ 5 ሣንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ዳሩ በደንብ የገጠመ የፎም ክዳን ቢደረግ በላዩ በኩል የሚወጣው ወደ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ይወርዳል፤ ይኸውም ብር 4.50 ነው። ውፍረቱ 10 ሣንቲ ሜትር ቢሆን 0.5 ኪሎዋት ሰዓት፣ ብር 2.50 ይሆናል።

ደረጃዎቹ ጎን ለጎን ሲታዩ ትምህርቱ ይወጣል። ከባዶ ወደ ላስቲክ መሄድ በአንድ ሌሊት ብር 135 ያተርፋል። ከላስቲክ ወደ 5 ሣንቲ ሜትር ፎም መሄድ ብር 55.50 ያተርፋል። ከ5 ወደ 10 ሣንቲ ሜትር መሄድ ግን ብር 2 ብቻ ነው። የኢኮኖሚክስ ተማሪ እየቀነሰ የሚሄድ ተጨማሪ ጥቅም የሚለው ይህንን ነው። ለተራበ ሰው የመጀመሪያው እንጀራ ሕይወት ነው፤ አራተኛው ግን ሰሃን ላይ ይቀራል።

ሻጭ የማይነግረው ንጽጽር

ክዳን የሚሸጥ ነጋዴ ዕቃው 98 በመቶ ሙቀት ያድናል ቢል ከላይ ባለው ምሳሌ መሠረት አልዋሸም። ከብር 195 ወደ ብር 4.50 መውረድ በእርግጥም ወደ 98 በመቶ ይጠጋል። ሆኖም ንጽጽሩ የተደረገው ጨርሶ ካልተከደነ ገንዳ ጋር ነው።

ክዳኑ ለምሳሌ 11,000 ብር ቢጠየቅበት፣ ከባዶ ገንዳ ጋር ሲነጻጸር በ58 ሌሊት ገደማ ዋጋውን ይመልሳል። ከላስቲክ ሸራ ጋር ሲነጻጸር ግን የሚወስደው 200 ሌሊት ያህል ነው። ሁለቱም ሒሳብ ትክክል ነው፤ ለገዢው የሚጠቅመው ግን ሁለተኛው ነው። ምክንያቱም ገዢው ክዳኑን ባይገዛ ኖሮ ላስቲክ መዘርጋት ይችል ነበር። አንድ ዕቃ መመዘን ያለበት ከእርሱ ቀጥሎ ካለው አማራጭ ጋር እንጂ ምንም ካለማድረግ ጋር አይደለም። 200 ሌሊት እንኳ ለሚሠራ ቤት መጥፎ ግዢ አይደለም፤ ሆኖም ገዢው የቤት ኪራይና ደመወዝ የሚከፍልበትን ጥሬ ገንዘብ ከማሰሩ በፊት ሊያውቀው ይገባል።

ግድግዳውስ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ክዳኑ ጥሩ ከሆነ በኋላ ገንዘብ የሚፈሰው በሌላ በር ነው። ከላይ የተጠቀሰው ገንዳ ከመሬት በላይ በ20 ሣንቲ ሜትር ኮንክሪት የተሠራ ከሆነ አራቱ ግድግዳዎች 6 ካሬ ሜትር ይሆናሉ። በእነርሱ በኩል በዚያው ሌሊት ወደ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይወጣል፤ ብር 35 ነው። ኮንክሪት ጠንካራ ነው እንጂ ሙቀት ያዥ አይደለም።

ስለዚህ ብር 4.50 የሚያፈሰውን ክዳን ለማወፈር ገንዘብ የሚያወጣ ሰው፣ ብር 35 የሚያፈሰውን ግድግዳ ረስቷል። በግድግዳው ላይ 5 ሣንቲ ሜትር ፎም ተለጥፎ በላዩ ቢለሰን የሚወጣው ሙቀት ወደ 1.2 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም ወደ ብር 6 ይወርዳል። ይኸው 5 ሣንቲ ሜትር ፎም ክዳኑ ላይ ሲደረብ ብር 2፣ ግድግዳው ላይ ሲለጠፍ ብር 29 ያተርፋል። ዕቃው አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው የተቀመጠበት ቦታ ነው።

ወለሉን በሚመለከት የአቃቂ ጥቁር አፈር የራሱ ጠባይ አለው። ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ይሰነጠቃል። እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ይልቅ ሙቀት ይስባል። ገንዳው ገና በመሠራት ላይ ከሆነ ከኮንክሪቱ ሥር ሸክም የሚችል ፎምና ውኃ የማያሳልፍ ላስቲክ ማንጠፍ ይመከራል። ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ ይህ ዕድል አይመለስም።

የረጠበ ክዳን

ፎም ሙቀት የሚያግተው በውስጡ የታሰረው አየር ስለማይንቀሳቀስ ነው። ፔርሙዝ፣ ጋቢና የሣር ክዳን ቤት ከቅዝቃዜ የሚከላከሉት በተመሳሳይ ዘዴ ነው፤ ፔርሙዝ አየሩን ጭራሽ አውጥቶ ክፍተቱን ባዶ ያደርገዋል። ነገር ግን በአየሩ ቦታ ውኃ ከገባ ነገሩ ይገለበጣል። ውኃ ከደረቅ ፎም ይልቅ 15 እጥፍ ያህል ሙቀት ያሳልፋል።

ከዚህ የተነሳ የፍራሽ ስፖንጅ በሸራ ሰፍቶ ክዳን ማድረግ ገንዘብ ማባከን ነው፤ እንፋሎቱን ጠጥቶ በአጭር ጊዜ ይከብዳል። የሚሻለው ቴሌቪዥንና ፍሪጅ በካርቶን ሲታሸጉ የሚደገፉበት ዓይነት ነጩ ጠንካራ ፎም ነው። እርሱም ቢሆን በውኃው በኩል ባለው ገጹና በጠርዞቹ ሁሉ በወፍራም ላስቲክ መታሸግ አለበት። አለዚያ ከወራት በኋላ ቀስ በቀስ ይረጥባል።

ክዳን መርጠቡን ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም። አዲስ ሲሆን በሚዛን መዝኖ ቁጥሩን መጻፍና በየሦስት ወሩ መልሶ መመዘን ይበቃል። ክብደት የጨመረ ክዳን ውኃ ጠጥቷል ማለት ነው። ሁለተኛው ምልክት ማለዳ በክዳኑ ዳር የሚታይ እንፋሎት ነው፤ እንፋሎት በሚታይበት ቦታ ሁሉ ብር እየወጣ ነው።

ሁለት ጥንቃቄዎች መዘንጋት የለባቸውም። ስስ ላስቲክ የሰው ክብደት አይሸከምም፤ ልጅ ቢረግጠው ይዞት ይሰምጣል። ስለዚህ ክፍሉ መቆለፍ አለበት። ፎም ደግሞ እሳት ስለሚይዝ ከማሞቂያውና ከኤሌክትሪክ ሽቦ መራቅ ይኖርበታል።

መብራት ሲጠፋ

የክዳን ጥቅም በቢል ብቻ አይለካም። ክዳን የሌለው፣ ግድግዳውም ያልተሸፈነ ገንዳ መብራት ከጠፋ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በየሰዓቱ ከ1 ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል። አራት ሰዓት ከቆየ ወደ 5 ዲግሪ ያጣል፤ በ40 ዲግሪ የተሸጠው አገልግሎት በ35 ዲግሪ አይቀርብምና ደንበኛው ይመለሳል ወይም ጄኔሬተር ይነሳል። 5 ሣንቲ ሜትር ክዳን ብቻ ያለው ገንዳ በአራት ሰዓት ውስጥ 1 ዲግሪ እንኳ አያጣም። ግድግዳውም የተሸፈነ ከሆነ፣ ወለሉን ሳይጨምር፣ ሌሊቱን ሙሉ ያለ መብራት አድሮ የሚያጣው ከግማሽ ዲግሪ ብዙም አይበልጥም።

ይህም ብዙ ጊዜ የሚነሳውን ጥያቄ ይመልሳል። ሌሊት ማሞቂያውን ማጥፋት ይሻላል ወይስ ማቆየት? ገንዳው ክፍት ከሆነ ማጥፋት ወጪ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ጠዋት እንደገና ለማሞቅ ረጅም ሰዓት ይጠይቃል። በደንብ የተከደነና የተሸፈነ ከሆነ ግን ጥያቄው ራሱ ይጠፋል፤ ማታ አጥፍቶ ጠዋት ሙቅ ውኃ ማግኘት ይቻላል።

ማንኛውም ባለገንዳ ይህን ሁሉ ሳያምን በሁለት ሌሊት ሊፈትነው ይችላል። በመጀመሪያው ሌሊት ክፍቱን አሳድሮ ማታና ጠዋት ቆጣሪውን ያንብብ፤ የውኃውን ከፍታም በማስመሪያ ይለካ። በሁለተኛው ሌሊት ላስቲክ ዘርግቶ ያንኑ ይድገም። የሁለቱ ንባብ ልዩነት በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ሲባዛ የክዳኑ ትርፍ ነው። ከዚያ በኋላ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ይሆናል፤ መጀመሪያ ላስቲክ፣ ቀጥሎ የታሸገ 5 ሣንቲ ሜትር ፎም፣ ከዚያ ግድግዳው። ሁለተኛውን 5 ሣንቲ ሜትር የሚያስብ ሰው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ያስብ።