የሸመገሉ ባልና ሚስት ስለ መኝታቸው ሊያውቁት የሚገባ ነገር

አንባቢ ሆይ፤ ስለ ወጣቶች ንጽሕና የተጻፈው ብዙ ነው፤ ስለ ሸመገሉት ባልና ሚስት ግን የሚናገር ጥቂት ነው። ጠጕሩ የሸበተ ሰው መኝታን እንደማያስብ ስለሚቈጠር፥ ሐኪሙ ሳይጠይቅ በሽተኛውም ሳይናገር ይለያያሉ። በወልድያ፥ በመርሳና በሀብሩ ገጠር ይህ ዝምታ ጨዋነት ይባላል። ጨዋነትስ መልካም ነበር፤ ዳሩ ግን ደዌን ሲሸሽግ ስሙ ሌላ ነው።

ልጆች ካደጉ፥ የሴቲቱም የወር አበባ ከቆመ በኋላ ባልና ሚስት አብረው መቍረብ፥ ባልዋ የሞተባትም ቆብ መድፋት በአገራችን ክርስቲያኖች ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። ይህን በፈቃዱ የመረጠውን ማንም አይንቀፈው። ነገር ግን ከሁለቱ አንዱ በሕመም ምክንያት ከመኝታ ሲርቅ፥ ሌላውም ተጠላሁ ብሎ ሲያዝን፥ ይህ ያልታከመ ደዌ እንጂ ምናኔ አይደለም። አብርሃምና ሣራ ይስሐቅን በሽምግልናቸው መውለዳቸውን ያነበበ ሰው፥ የሽማግሌ መኝታ ነውር ነው ለማለት አይደፍርም።

የሴት የወር አበባ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይቆማል። ያን ጊዜ ገላን በድንገት ሙቀት ይወርረዋል፥ እንቅልፍ ይጠፋል፥ ብልትም ስለሚደርቅ ግንኙነት ያማል። ባልም ይህን ሳያውቅ እምቢ አለችኝ ይላል። ለድርቀቱ ማለስለሻ ቅባት አለ፤ ሐኪም ሲያዝም በብልት ውስጥ የሚደረግ መድኃኒት ይገኛል። ብዙ የወለደች፥ እንስራና እንጨት ስትሸከም የኖረች እናት ማኅፀንዋ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል፤ ይህም በሚደገፍበት ቀለበት ወይም በቀዶ ሕክምና ይረዳል። ስንቶች እናቶች ግን ከባላቸው እንኳ ሸሽገው ዓመታትን ያሳልፋሉ!

ከሁሉ የሚያስፈራው፥ የወር አበባ ከቆመ ዓመት ካለፈ በኋላ ደም መታየቱ ነው። ወጣትነቴ ተመለሰ ብላ የምትስቅ ትኖር ይሆናል፤ ሳትዘገይ ትመርመር። የማኅፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚበዛው ነው፤ በጊዜ ሲደረስበት ግን ይድናል።

ወንዱም ኃይሉ ሲደክም ሰው አሰረኝ ብሎ ወደ ጠንቋይ ይሄዳል። ያሰረው ግን ብዙ ጊዜ የስኳር በሽታ፥ የደም ግፊት፥ ትምባሆ ወይም መጠጥ ነው፤ አንዳንድ የግፊት መድኃኒትም ይህን ያመጣል። የልብ ደም ሥር መጥበብ የመጀመሪያ ምልክት ሊሆንም ይችላል። ቪያግራ የሚባለውን ክኒን በድብቅ የሚገዛ ሰው ይጠንቀቅ፤ ለልብ ሕመም ናይትሬት ከሚባለው መድኃኒት ጋር ሲገናኝ የደም ግፊትን አውርዶ ይገድላል።

ወልድያና መርሳ ከደሴ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያሉ፥ መንገደኛ የሚያድርባቸው ከተሞች ናቸው። የኤችአይቪ በሽተኞች በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታወቁት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1986 ነው፤ መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ በጕልምስና የጀመሩት ዛሬ ሸምግለዋል፤ መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ወስደው ቫይረሱ በምርመራ የማይታይባቸው ሰዎች በግንኙነት አያስተላልፉም። የምፈራው ለማይመረመረው ነው። ሚስት የሞተችበትና ባል የሞተባት ሲጋቡ፥ ማርገዝ ቀርቷልና ኮንዶም ምን ያደርጋል ይላሉ፤ የደረቀ ብልት ግን ቶሎ ስለሚቈስል ቫይረሱ በቀላሉ ይገባል። ስለዚህ ሁለቱም አስቀድመው ይመርመሩ። ኮንዶም የሚጠቀሙም ቅቤና ቫዝሊን አይቀቡበት፤ ያበላሸዋልና። ቂጥኝ በፔኒሲሊን ይድናል፤ ዓመታት ከተተወ ግን ልብንና አንጐልን ይጐዳል።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያን በያዘ ጊዜ ሐኪም ቤቱ ተዘርፎ ነበር፤ በሰሜን ወሎ ሴቶች ላይም ግፍ ተፈጽሟል። የተደፈረ ሰው ኤችአይቪን የሚከላከለውን መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ያ ጊዜ ቢያልፍም ምርመራውና ሕክምናው አያልፍም። ስለዚህ ያን ጊዜ የደረሰባትን ለማንም ያልነገረች እናት ብትኖር ዛሬም ትሂድ።

ሐኪሙ የልጅ ልጅ የሚያህል ቢሆን አፍ ይያዛል፤ እውነት ነው። ሴት ነርስ እንድትቀርብ መለመን ይቻላል። ረጅም ነገር አያስፈልግም፤ «ከባለቤቴ ጋር ስንገናኝ ያመኛል» ወይም «ኃይሌ ደከመ» ማለት ይበቃል። የሚወስዱትንም ክኒን ሁሉ በከረጢት ይዘው ይቅረቡ።