የአረጋውያን የሰውነት እንቅስቃሴና የሰበካ ጉባኤ ድርሻ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል በምትገኘው በማንኩሳ አካባቢ ያሉ አረጋውያን «ስፖርት ሥሩ» ቢባሉ ነገሩ እንግዳ ይሆንባቸዋል። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የሰውነት እንቅስቃሴ የተባለው ስፖርት ብቻ አይደለም፤ በእግር መሄድ፣ እርሻና የቤት ውስጥ ሥራም ይቆጠራሉ። መመሪያው ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑት በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴን ይመክራል። ይህም ቢያንስ በሳምንት 5 ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ማለት ነው። ሚዛንንና ጥንካሬን የሚጠብቅ ልምምድ በሳምንት 3 ቀን ሲጨመርበት ከመውደቅ ይከላከላል።

ይሁን እንጂ አንድ ምክር ለሁሉ አይበጅም። በከተማ ጡረታ ወጥቶ ወይም በሱቁ ተቀምጦ የሚውለው አባት ጊዜ ሳያጣ እንቅስቃሴ ያጣል። ልጆቿ የራቋት የገጠር እናት ግን 20 ሊትር ውኃ፣ ማለትም 20 ኪሎ ግራም ያህል ሸክም፣ አዝላ ዳገት ትወጣለች፤ ለእርሷ የጎደላት ዕረፍትና ረዳት ነው። ጉልበቱን ታምሞ ከቤት የዋለው ደግሞ ጡንቻው እየሰለለ ይሄዳል፤ ዛሬ ከገበያ የቀረ ነገ ከቅዳሴ ይቀራል።

ስለዚህ ሰበካ ጉባኤያት የሚከተለውን ቢፈጽሙ መልካም ነው።

1. የንስሐ አባቶች ልጆቻቸውን ሲጎበኙ ተቀምጦ የሚውለውን፣ ከአቅሙ በላይ የሚደክመውንና ከቤት መውጣት ያቃተውን ለይተው ያስታውቁ።

2. የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ለደካሞች ውኃና እንጨት ያድርሱ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ላይ እንቅፋት ያንሡ፣ ማረፊያ መደብም ይሥሩ።

3. ከቅዳሴ በኋላ አቅም ያላቸው አረጋውያን ግድግዳ ተደግፈው ከመደብ መነሣትና መቀመጥን ቀስ በቀስ ይለማመዱ። ስግደትም በንስሐ አባት ምክር እንደ አቅም ይሁን።

ደረቱን የሚወጋው፣ የሚያዞረው ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ወዲያው ያቁም፤ ወደ ጤና ጣቢያም ይወሰድ። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ አረጋውያን በጾም ወራት ከመንቀሳቀሳቸው በፊት የጤና ባለሙያ ያማክሩ።

ለውይይት፦ በአጥቢያችን ከቅዳሴ የቀሩት አረጋውያን እነማን ናቸው? የቀሩትስ በሕመም ነው፣ በድካም ነው ወይስ የሚደግፋቸው በማጣት?